ሳኒተሪ ማለት

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የነዳጅ መኪናው ሾፌር ነው። ትናንት ሱቄ ብቅ ብሎ ሰላምታህን ነገረኝ፤ እኔም ሱሪውን አሳጠርኩለት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና፣ «ወንድምሽን እኮ መንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ሰው የሐኪሟ አባት ነው የሚለው» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከሄደ በኋላ ግን መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። በስልክ እንዳልነግርህ እዚያ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ብቻ ነው የምትሰማው። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣውም በግማሽ ወሬ ስለሆነ፣ ሙሉውን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ልጅህ ሐኪም ልትሆን አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛ ልትሆን ነው።

አሁን ደብዳቤውን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ እንደከተትከው አውቃለሁ። ሂድ፣ ግሬደርህ ላይ ወጥተህ ትንሽ አፈር ግፋና ተመለስ። እጠብቅሃለሁ።

እሺ። ያለፈው የትምህርት ጊዜ ሊያልቅ ሲል የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታኝ ነበር። ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ ተንደርድሬ ሄድኩ። አስተማሪዋ ግን፣ «ምንም አላጠፋችም። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፣ ግን የለችም» አለችኝ። ልክ ናት። ቤትም እንዲሁ ነበረች። የኬሚስትሪ ፈተና በተበላሸባት ቁጥር ደብተሯን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ስታድግ ብዙ ጠባይ አሳይታኛለች፤ ኩርፊያዋንም ቁጣዋንም ችዬ ኖሬአለሁ። ይህ ዝምታ ግን አስፈራኝ። አስተማሪዋም ነገሩን አይታው ኖሮ፣ የሙያ ኮሌጁ በዲፕሎማ ሊቀበላት እንደሚችል ነገረችኝና፣ «እስቲ ራሷን ጠይቂያት» አለችኝ።

ጠየቅኋት። እኔ ስፌት መኪናው ላይ፣ እሷ የጨርቅ ክምሩ ላይ እንደተቀመጥን፣ ምን መማር ነው የምትፈልጊው አልኳት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ሳኒተሪ» አለችኝ።

ቃሉን ስሰማ የታየኝ ጤና ጣቢያ ነው። ልጆች ሆነን ሰፈሩን እየዞረ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉድጓዱን ክደኑ» ይለን የነበረውን ሳኒታሪያን አትረሳውም፤ የጤና ሰው፣ ነጭ ጋውን ለባሽ። «ጎሽ!» አልኳት። ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። እትዬ ጥድፊያ የሚል ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህና ጠባዬን ታውቀዋለህ። እዚያው ሳልነሳ ደወልኩልህና፣ ሳኒተሪ ልትገባ ነው ብዬ ጮህኩብህ። «ጤና ነው አይደል?» አልከኝ። «አዎ፣ ጤና ነው» አልኩህና ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። ያልካትን እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ነው ያልካት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ልጅህ ስልኩን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። «አባዬ እሺ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጅሽ አለኝ እኮ» ትላለች። ምኑ እንደሚያስለቅሳት ያን ጊዜ አልገባኝም።

መሸኛዋን ለማስወጣት ርእሰ መምህሩ ጋ ስንመላለስ ሰነበትን። ሰውዬው ክፉ አይደለም። «ውጤቷ እኮ የሚጥላት አይደለም፤ ምን አስቸኮላችሁ?» አለኝ። «ውጤቷ አይጥላትም፤ እሷ ግን እየወደቀች ነው» አልኩት። ይቺን አነጋገሬን ራሴም ወደድኳት። መሸኛውን ፈረመ።

የምዝገባው ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ምን ይዤ እንደሄድኩ ገምት። ነጭ ጋውን! ራሴ የሰፋሁት፣ ኮሌታው በደንብ የተተኮሰ፣ ደረቱ ላይ የእስክሪብቶ ኪስ ያለው። ላስደንቃት ብዬ ደብቄው ነበር። መዝጋቢው ማስረጃዋን ካየ በኋላ፣ «ክፍሉን አይታችሁ ኑና ትፈርማለች» ብሎ ወደ ግቢው ጀርባ መራን። ትልቅ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ የብረትና የፕላስቲክ ቱቦ ተደርድሯል፣ ጠረጴዛው ላይ ቱቦ ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ ታስሯል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ከምንም ጋር ያልተገናኙ የሽንት ቤት መቀመጫዎች ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ይህን ሁሉ እያየሁም አልገባኝም። ጋውኑን ከቦርሳዬ መዝዤ አሠልጣኙን፣ «ይሄ ይሆናል ወይስ ከዚህ ነው የሚሰጣቸው?» አልኩት። ሰውዬው ጋውኑን አየ፣ መቀመጫዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «እናቴ፣ እዚህ የሚለበሰው ቱታ ነው፤ ሰማያዊ ቱታ» አለኝ። ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ነው፤ ጨዋ ነው።

ልጅህ ግን አልሳቀችም። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«አክስቴ፣ አባዬም እንዳንቺ ነው እንዴ የሰማው?»

ፊቷን ብታየው! ወደ ግድግዳ የምታዞረው ያው ፊት ነው። «ሳያውቅ ከሆነ የመረቀኝ አልመዘገብም» አለችኝ። እኔም ዋሸኋት። «አባትሽማ ያውቃል። ሰውን ሁሉ እንደኔ ደንቆሮ አደረግሽው?» አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀች፤ ገብታም ፈረመች።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዋ እየሄድኩ፣ ለጎረቤት ምን ብዬ ነው የማወራው እያልኩ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ነው፤ ያ ሁልጊዜ በጨርቅ የማስረው። ትምህርት በጀመረች በጥቂት ቀን ልጠግነው ብላ ፈታችው። ፈታችው ስልህ፣ በታተነችው። መልሳ መግጠም አቃታትና የሕንፃው ውሃ ከዋናው ተዘጋ። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ፊታቸው ላይ ሳሙና እንዳለ ደረጃውን ወርደው፣ «ማነው ውሃዬን የወሰደው?» አሉ። ልጅህ ከማጠቢያው ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እኔ ነኝ አባባ፣ አሁን እመልስልዎታለሁ» አለቻቸው።

አልመለሰችላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ በባልዲ ሲመላለስ አደረ። በማግስቱ አሠልጣኟን ጠይቃ መጣችና ገጠመችው፤ ፈሰሰ። እንደገና ፈታ ገጠመችው፤ አሁንም ፈሰሰ። እኔ አሁን ትታው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ቆይ ቆይ፣ የላስቲክ ጎሚኒዋን ገልብጬ ነው ያስገባኋት» እያለች ብቻዋን ትስቃለች። ልብሷ በስብሶ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ትስቃለች። ወንድሜ፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ እኔም አለቀስኩ። ቧንቧው አሁን ይሠራል፤ ትንሽ ያንጠባጥባል እንጂ።

የምትለውን አውቃለሁ። «የእኔ እጅ መቆሸሹ አይበቃም ወይ?» ነው የምትለው። ይሁን። ግን መንገድ ጠርገህ በጨረስክ ቁጥር ፎቶ አንስተህ የምትልክልን አንተ አይደለህም? ከባዶ መንገድ በቀር ምንም የሌለበት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አውራ ጣትህ የገባችበት ፎቶ! እሷ ያን ፎቶ ራስጌዋ ለጥፋዋለች።

ለእረፍት ስትመጣ በሩን የምትከፍትልህ እሷ ናት። እጇን ታያለህ፤ ጥፍሯ ሥር በሳሙና የማይለቅ ጥቁር ነገር አለ። ስትመርቃት ምኑን እንደምትመርቅ አላወቅህም፤ እሷ ግን ምርቃትህን ይዛ ነው ወደ ሥራዋ የገባችው። የተሰጠ ምርቃት ደግሞ አይነጠቅም። ከተናደድክ በእኔ ተናደድ፣ ልማዴ ነው፣ እችለዋለሁ። ለእሷ ግን ውሸቴን እውነት አድርግልኝ። ማስመሰል ካቃተህ ኮሌጁ ድረስ ሂድና ሞርሳው ላይ ስትሠራ ቆመህ እያት፤ ከዚያ በኋላ ማስመሰል የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

ጋውኑን ተርትሬዋለሁ። ለቱታዋ የኪስ ገበር ሆነ፤ ከውጭ አይታይም።

ሾፌሩ ሲመለስ መልስህን በእሱ ላክልኝ። ረጅም አይሁን፣ መጻፍ እንደማትወድ አውቃለሁ። «ያ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል ወይ?» ብለህ ብቻ ጻፍ። ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ገና እየለቀመች ያለችው እህትህ፣

እትዬ ጥድፊያ