የካርዲናል ጫጩቶችና የእሁድ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ

ዛሬም አልበላም። ምግቡን አፍንጫው ሥር ጣል አደረግኩለት፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሴቷ የእሱንም ድርሻ ጠራርጋ በላች። እኔ ግን ደስ አለኝ። አለመብላቱ እንቁላሎቹ አሁንም አፉ ውስጥ አሉ ማለት ነው።

ካርዲናል የሚባለው የባሕር ዓሣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ በአፉ ይቀበላል። ከዚያ ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ እሱ በአፉ ይዟቸው ይከርማል። አንድ ወር ገደማ ምንም አይቀምስም። አሁን አገጩ ተነፍቶ ቆሎ የጎረሰ ልጅ መስሏል። ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ያለፈው ጊዜ ወደ ትንሹ ገንዳ ላዛውረው ብዬ በመረብ ሳሳድደው ደንግጦ ሁሉንም ዋጣቸው። ዘንድሮ አልቸኩልም።

ወገቤ ከድቶኝ መኪና ከተውኩ ወዲህ ሥራዬ ይሄው ነው። ስንት ዓመት የጅቡቲን መስመር ስነዳ ባሕሩን ከሩቅ አይቼው እመለስ ነበር። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ነው። ውሃውን የድሮ ረዳቴ ሲመላለስ በጀሪካን ያመጣልኛል።

ማታ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «እሁድ ሰው ይመጣል» አለችኝ።

«ማን?»

«ሽማግሌ። ለሰብለ።»

ቀጥላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ልጃችንን የሚጠይቃት ልጅ ዮናታን ይባላል። ሐዋሳ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለት ዓመት! እናቷ ታውቃለች፣ አክስቷ ታውቃለች፣ እኔ ዛሬ ሰማሁ።

«እና ይሄ ባሕርህ ከሳሎን ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «ሽማግሌ የት ይቆማል? ጀሪካን ላይ?»

እራት አልጣመኝም።

ረቡዕ

ጠዋት ሙሉ ተከራከርን። ትልቁ አኳሪየም አሁን ቢነቃነቅ ወንዱ ደንግጦ ይውጣቸዋል አልኳት። እሷ ደግሞ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ያሳደግኳት ልጅ በዓሣ ምክንያት አታፍርም አለች። በመጨረሻ ተስማማን። አኳሪየሙ ካለበት አይነቃነቅም። ጀሪካኖቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ባልዲው፣ ጠርሙሶቹና ትንሹ ገንዳ መኝታ ቤት ይገባሉ። ሶፋው ወደ መስኮቱ ይጠጋል። እኔም ሱፌን እለብሳለሁ።

ሰብለ ስንከራከር ወጥ ቤት ነበረች። አልወጣችም።

ከሰዓት አዲሱ ገበያ ወርጄ ጥቁር የፕላስቲክ መጥረጊያ ገዛሁ። ጫጩቶቹ በባሕር ሲኖሩ የሚደበቁት በባሕር ጃርት እሾህ መካከል ነው። እኔ ጃርት ስለሌለኝ የመጥረጊያውን ፀጉር ቆርጬ በክብ ላስቲክ ላይ እየሰካሁ እሾህ መሥራት አለብኝ። ሻጯ ቢጫውን ብትሰጠኝ አይሆንም አልኳት፣ ቀዩንም አይሆንም አልኳት።

«ቤት የሚጠረገው በቀለም ነው እንዴ አባባ?» አለችኝ።

እውነቱን ብነግራት ታዝንልኝ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ።

ጥሩወርቅ ማታ ዓሣውን ቆማ ስታየው ቆየችና «ይሄስ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ከምንጾመው ከእኛ ይሻላል» አለች። ሳቅ አመለጠኝ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ሐሙስ

ተሳካ።

ወንዱን ወደ ትንሹ ገንዳ ማዛወር ነበረብኝ፤ ትልቁ ውስጥ ቢለቃቸው ሌሎቹ ዓሦች በአንድ ደቂቃ ይጨርሷቸዋል። ጎንበስ ማለት ስለማልችል ሰብለን ለመንኳት። እጅጌዋን ሰብስባ ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ውሃ ውስጥ ከተተች። መረብ የለም፣ ማሳደድ የለም። ሳህኑ ውሃው ውስጥ ቁጭ ይላል፣ እኔ በቀጭን ዘንግ ከኋላው ቀስ አድርጌ እነዳዋለሁ፣ እሱ በራሱ ጊዜ ይገባል።

ብዙ ቆየን። እጇ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መሄድ አትችልም፣ እኔም ዘንጉን ይዤ መሄድ አልችልም። ስለዚህ ጠየቅኳት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትህን ፈርቼ።»

«መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ቁጣህን አይደለም አባዬ። ስታዝን ፊትህ የሚሆነውን ነው የፈራሁት። ሐዋሳ ስልህ የሚሆነውን።»

ዘንጉን ማንቀሳቀስ ረሳሁ። ስሾፍር ለሳምንት ጠፍቼ ስመጣ በር ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች። አሁን እኔ ቤት ስውል እሷ ልትሄድ ነው። ይህን ለማለት አፌን ስከፍት «ገባ!» አለችኝ። በእርግጥም ሳህኑ ውስጥ ገብቶ በጥቁርና በብር መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀስ ብላ ከነውሃው አነሳችው። እኔ በሩን ከፈትኩላት፣ እሷ መኝታ ቤት ወስዳ ትንሹ ገንዳ ውስጥ ለቀቀችው።

አልተፋም፣ አልዋጠም። አገጩ እንደተነፋ ነው።

ዓርብ

ጠዋት አርቴሚያ አስቀመጥኩ። አቧራ የሚያክል የጥቃቅን ጨው ውሃ ነፍሳት እንቁላል ነው፤ ጨው ውሃ ባለበት ጠርሙስ ይገባል፣ አየር ይነፋበታል፣ በማግስቱ ተፈልፍሎ ብርቱካናማ ደመና ይሆናል። ጫጩቶቹ ከዚህ ሌላ አይበሉም፤ የሚንቀሳቀስ ካልሆነ አያዩትም።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ ይመጣል አልኩ። አልመጣም። ማሞቂያው ቆመ፣ የአየር ፓምፑ ቆመ። የጉለሌ የጥቅምት ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። በጋዝ ውሃ አፍልቼ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ሞላሁና ገንዳው ላይ አንሳፈፍኳቸው። በብርጭቆ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስሳለሁ፣ ትንሽ አየር እንዲገባ። ወገቤ ጮኸ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ ሲተነፍስ አየሁት፤ አፉን ሊከፍት ነው ብዬ ፈራሁ።

ከአጥሩ ማዶ የከማል ሱቅ ጄኔሬተር ሲነሳ ሰማሁ። ከማል ጎረቤታችን ነው፣ ለስላሳና ወተት ስለሚሸጥ ፍሪጁ እንዲቆም አይፈልግም። አጥሩ ጋ ሄጄ ጠራሁት።

«ጋሼ ተስፋዬ፣ ምነው? ወገብዎን አመመዎት?»

«ዓሣዬ ሊሞትብኝ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ «ስንት ሜትር ገመድ አለዎት?» ብቻ አለኝ። የእኔ አልደረሰም፤ የእሱን ቀጥሎ በአጥሩ ላይ አሳለፈልኝ። ፓምፑ መንፋት ሲጀምር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የነዳጁን ልካፈል ስለው «እንቁላሉን ወልዶ ያሳየኝ እንጂ» አለኝ።

መብራት የመጣው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። ዓሣው በሕይወት አለ። አፉ ውስጥ ያሉት ግን? አላውቅም።

ቅዳሜ

ቤቱ ተገልብጦ ተጠረገ። ወጥ፣ መጋረጃ፣ ከአክስት ቤት የተዋሱት ወንበሮች። እኔ የትም ስቆም «እዚያ አትቁም» ይሉኛል።

ዓሣው ጥግ ይዞ ቆሟል። አገጩ ትንሽ የጎደለ መሰለኝ። ዋጠ? ሞተው አፉ ውስጥ ቀሩ? መነጽሬን አደረግኩ፣ አወለቅኩ፣ ምንም አልገባኝም።

ከሰዓት ጥሩወርቅ አንሶላ ልትወስድ ገብታ ገንዳው ላይ ጎንበስ አለች።

«ተስፋዬ፣ ና እስኪ። ይሄ ምንድን ነው?»

አፉን ትንሽ ሲከፍት ጠበቅን። ከፈተ። ውስጡ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብርማ ነጠብጣቦች ታጭቀዋል።

«ዓይን ነው» አለች። «ሁሉም ወደ ውጭ ያያሉ።»

ስንት ዓመት እነዚህን ዓሦች ስትረግም የኖረች ሴት አንሶላውን ታቅፋ ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም።

እሁድ

በሥርዓት ልጻፈው፤ ነገሩ ሁሉ ተደበላልቆብኛል።

ሦስት ሆነው መጡ። አንድ ቄስ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ አንድ የዮናታን አጎት። ተቀመጡ አልናቸው። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ እንደ ደንቡ። ረጅሙ ሽማግሌ ጋቢውን አስተካክሎ «እርስዎ ልጅ አለዎት፣ እኛም ልጅ አለን» ብሎ ጀመረ። እኔ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ። ዘመድ ላማክር፣ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ እላለሁ ብዬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ንግግሩ መሀል ላይ ሲደርስ ጥሩወርቅ ብርጭቆ ልታመጣ መኝታ ቤት ገባች። ስትመለስ ባዶ እጇን ነው። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ለቀቃቸው» አለችኝ።

ሽማግሌው ጨርሶ መልሴን ይጠብቃል። «አንድ ጊዜ ይቅርታ» ብያቸው ትቻቸው ገባሁ። ሽማግሌዎች አቁሜ!

አሉ። ገንዳው ውስጥ አሉ። ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጡ፣ ግን ጥቁር መስመሩም ረጅም ክንፉም የተሟላላቸው፣ የመጥረጊያው እሾህ ውስጥ ተሰግስገው። ሳይ እያለሁ አንዷ ከአባቷ አፍ ወጣች፤ ግራ ገብቷት ቆየችና ወደ ሌሎቹ ሄደች። ወደ ሠላሳ ይሆናሉ።

ወደ ሳሎን ስመለስ ሁሉም ፊታቸው ጠቁሯል። የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። ሰብለ በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ ስታየኝ አየኋት፤ መሬት ብትውጠኝ አልኩ። ቄሱ ናቸው የተናገሩት፦ «ለመሆኑ ማየት ይቻላል?»

ሦስት ሽማግሌ መኝታ ቤቴ ገቡ። ቄሱ ቆባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። አጎትየው «አባትየው ነው የሚሸከመው?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ረጅሙ ሽማግሌ አልጋችን ላይ ቁጭ ብሎ «ሐዋሳ እኮ ዓሣ ይበላል እንጂ እንዲህ አይታሽም» አለ፤ ጥሩወርቅ ከኋላዬ ሳቋን ዋጠች።

ሳሎን ስንመለስ ተቀመጡ። ከፋሲካ በኋላ የሚለው አልወጣልኝም። ሰብለን ጠራኋት። እንዲህ አይደረግም፣ አውቃለሁ። በሁሉም ፊት «ፈቃድሽ ነው?» አልኳት። «አዎ አባዬ» አለች፣ ዓይኔን እያየች። «እንግዲያው ከመልሴ በፊት ልጁ ራሱ ይምጣ» አልኳቸው። «ብቻውን፣ ሐሙስ ዕለት።»

ሰኞ

አራት ሞተው አገኘሁ።

የዓርቡ አርቴሚያ አልተፈለፈለም። መብራት ሲጠፋ ቀዝቅዞ ኖሯል። በጫጫታው ብዛት ትናንት እንኳ አላየሁትም። ጫጩቶቹ ወዲያ ወዲህ ይቃኛሉ፣ የሚበላ የለም። የተፈጨ ደረቅ ምግብ ሞከርኩ፤ አጠገባቸው ሲያልፍ ዝም ብለው አሳለፉት።

አዲስ ጠርሙስ አዘጋጀሁ፤ ግን ሙቀት ይፈልጋል። ከትልቁ አኳሪየም ማሞቂያ ሌላ ያለኝ አንድ ነው፣ እሱም ጫጩቶቹ ጋ ነው። ከማል ሊጠይቀኝ መጥቶ ሰማ። «የፍሪጄ ጀርባ እኮ እሳት ነው» አለ። ጠርሙሱን ከራሱ ትንሽ ፓምፕ ጋር ወስዶ ሱቁ ውስጥ ፍሪጁ ኋላ አስቀመጠው። ደንበኛ ሁሉ ይሄ የምን ጠላ ነው እያለ ይጠይቀዋል አሉ።

አባትየውን ወደ ትልቁ መለስነው። ምግብ ሲያይ ሦስቴ ጎረሰ። እሱስ ዳነ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሌላ ሁለት ሞቱ። ጻፍኩት፣ በቃ።

ከሰዓት ከማል በአጥሩ ላይ ጠርሙሱን አቀበለኝ። ወደ ብርሃን ከፍ አደረግኩት። ብርቱካናማ ደመና፣ ሕይወት ያለው! ጥሩወርቅ ከፋርማሲ ባመጣችው ሲሪንጅ ቀስ አድርጌ እሾሁ አጠገብ ለቀቅኩ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ አንዷ ጠጋ አለች፣ አየች፣ ላፍ አደረገች። ከዚያ ሌላዋ። ጥቂት ቆይቶ ሆዳቸው በቆዳቸው ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ታየኝ።

ከማልን ጠርቼ አሳየሁት። «ለእነዚህ ነው እኔ ገመድ የዘረጋሁት?» አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው።

ጥግ ያሉት ጥቂቶች ግን አልበሉም።

ረቡዕ

አንድ ሞተ። ሌሎቹ ሦስቴ በሉ። ነገ ልጁ ይመጣል። ምን እንደምጠይቀው አላውቅም።

ሐሙስ

መጣ። ቀጭን ነው፣ ጥፍሮቹ ሥር ያልለቀቀ ቅባት አለ። ሸሚዙን አዲስ እንደገዛው ከእጥፋቱ ያስታውቃል። ጥሩወርቅ ያቀረበችለትን ሁሉ በላ፤ ርቦት ይሁን ፈርቶ አልታወቀኝም።

«ልጄ ከእኛ ርቃ ኖራ አታውቅም» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ብትታመም?»

«እደውልልዎታለሁ። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምደውለው።»

«ብታዝን?»

«እኔ ካልቻልኩ ይዣት እመጣለሁ። መንገዱ አንድ ቀን አይሞላም፣ እርስዎ ያውቁታል።»

ሽማግሌዎቹ ይመለሱ አልኩት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አነሳሁት።

ከሄደ በኋላ ሰብለ መኝታ ቤት ገብታ ሲሪንጁን ያዘች። ከእኔ የተሻለ ታበላለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ጥግ የነበሩት ሳይቀሩ መጡላት።

«አባዬ፣ ሲያድጉ ስንቱን ትሰጠኛለህ?»

«የሐዋሳ ውሃ ጨው የለውም።»

«ጨው እንጨምርበታለን።»

«መጀመሪያ ይደጉ» አልኳት።

ዛሬ አንድም አልሞተም።