ሁለት ሺህ ሦስት ጡብ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፦

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የእናታችን ዓይንስ እንዴት ሆነላት? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባልሽም ደህና ነው፤ አካሉን ማለቴ ነው።

«ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው፣ ሥራ ፈልግለት» ብለሽ በለመንሽኝ መሠረት እኔ ወዳለሁበት ጡብ ማምረቻ አስገባሁት። ካቦአችን አዲስ ሰው የሚቀበልበት ልማድ አለው። ሁለት ሺህ ሦስት ጡብ ያሳየውና፣ «በየረድፉ እኩል አድርገህ ደርድር፤ አንድም እንዳይተርፍ፤ ነጠላ ረድፍም አይሆንም» ይለዋል። ያ ቁጥር ክፉ ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። በሦስት ብትሞክሪው ሁለት ይተርፋል፣ በሰባት አንድ፣ በአሥራ አንድም በአሥራ ሦስትም ያችው አንዷ ትተርፋለች። ሰውዬው እስከ ምሳ ጠብ እርግፍ ሲል ቆይቶ «አቃተኝ» ሲል ሁሉም በሳቅ ይፈነዳል፤ ቱታ ይሰጠዋል፤ ተቀጠረ ማለት ነው። እኔም የገባሁት እንዲሁ ነው።

ባልሽ ግን «አቃተኝ» የሚል መሰለሽ? አንቺን ስንት ዓመት «ምን ታውቂያለሽ» እያለ አፍሽን ያስያዘ ሰው! ሁለት ቀን ሙሉ ደረደረ፣ አፈረሰ፣ እንደገና ደረደረ። ጣቶቹ ተላጡ። ጋሪዬን እየገፋሁ በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኛል። አንዲት ቃል ብተነፍስለት ያበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሽሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ያችን የምትተርፈውን ጡብ በኮቱ ጠቅልሎ አጥሩ ሥር ቀበራት። ሲቀብራት አይቼዋለሁ። ሁለት ሺህ ሁለት ደግሞ ገር ቁጥር ነው፤ በአሥራ አራት ረድፍ ቀጥ ብሎ ቆመለት። ደረቱን ነፍቶ ካቦውን ጠራው። ካቦው ዓይኑን ማመን አቅቶት እጁን ሊጨብጠው ሲል፣ ጡቧን ቆፍሬ አምጥቼ ፊታቸው ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። «ሌባ» ተብሎ እዚያው ተባረረ።

ልጆቹ ምን ይብሉ ትይኝ ይሆናል። ይህን ሰው አታግቢ ስልሽ «ቅናት ነው» ያልሽኝ ዕለት ነበር ማሰብ።

በሩ ላይ ክንዴን ይዞ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ለእሷ ብቻ አትንገርብኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሱ ቅዳሜ ይደርሳል። ይህን ደብዳቤ ዓርብ እንዲያደርስልኝ ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን «አጎትሽ ቁመትሽን ጠየቀ» በያት፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታ አልላክሁም፤ በሩን ስትከፍችለት ፊትሽን ማየቱ ይበቃዋል።

ወንድምሽ
ከጡብ ማምረቻው ግቢ
ጥር 4 ቀን