የኋላ ክንፍ የሌላት ዝንብ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ጥቅምት ማገባደጃ

ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እኔ ከጉልበቴና ከጎረቤቴ ከመሸሻ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ጌታ ይመስገን። ዛሬም ጠዋት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያቺ ዓሣ አጥማጅህ ደኅና ናት ወይ አለኝ። ባሌ፣ ዲንሾ፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ፈረንጅ እየመራች ነው አልኩት። ዓምና ስትሄጂ የነገርሽኝን ነው የነገርኩት።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን በስልክ ስትዋሺ ድምፅሽ ያምራል፤ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ።

በባለሚኒባሱ በኢብራር የላክሽው ብልቃጥ ደርሶኛል። አባባ፣ ሰሞኑን ዌብ ላይ የምትፈላው ዝንብ ይቺ ናት፤ ትራውት ዓሣው እንዲነክስልኝ እሷን የምትመስል በላባ መንጠቆ ላይ እሰርልኝ ብለሻል። ደስ ብሎኝ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፤ ላባውን፣ ክሩን፣ መንጠቆውን ዘረጋሁ። አንዷን ከአልኮሉ አውጥቼ ነጭ ሳህን ላይ አጋደምኳትና አጉሊ መነጽሬን ደቀንኩ።

ዲንሾ ፈረንጅ ስመራ ያረጀሁ ሰው መሆኔን ረስተሽዋል፤ ወይም መነጽሬን ንቀሽዋል። ልጅ ሳለሽ ወንዙ ዳር አስተምሬሽ ነበር። ክንፏን እንደ ጀልባ ሸራ ቀጥ አድርጋ ካቆመች የእኛ ናት፤ እንደ ጎጆ ክዳን ጀርባዋ ላይ ካጠፈችው ሌላ ናት። ክንፏ ዳመና ከመሰለ ገና ከውኃ መውጣቷ ነው፤ አንዴ ደግማ ቆዳዋን ትገፍና መስተዋት መስላ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። አፏ አይሠራም፤ አትበላም። አፍ ስለሌላት አትዋሽም ብዬሽ ሥቀሽ ነበር።

የዌቧ ዝንብ ከትልቁ ክንፍ ኋላ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ሌላ ክንፍ አላት። ያንቺዋ የላትም። ሌላዋን አየሁ፣ ከዚያም የብልቃጡን ሁሉ አየሁ፤ አንዷም የላትም። ይቺ የቆመ ውኃ ወዳጅ ናት፤ የኩሬ፣ የበርሜል፣ የተረሳ ባልዲ። እንደ ዌብ ያለ የሚሮጥ ወንዝ ጠርጎ ነው የሚወስዳት። ወጥቼ ከአሸንዳችን ሥር ያለውን በርሜል ከፈትኩ፤ እህቶቿ ክንፋቸውን አቁመው ተቀምጠዋል። የዲንሾ በርሜል ደግሞ እንደምታውቂው ጠዋት ጠዋት በረዶ ይጋገርበታል።

ኢብራር ሚኒባሱን አቁሞ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ዲንሾ እንዴት ናት አልኩት። አባባ፣ ሙቀቱ አይቻልም አለኝ። እኔ ደግሞ ካፖርት ላበድርህ ነበር አልኩት። ተቁለጨለጨ፤ ከዚያ ብርጭቆውን እያየ፣ ብልቃጡን የምቀበላት ከአስኮ ነው አለ። አትቆጪው፤ ውሸት የማይችል ሰው ብርቅ ነው።

አስኮ። ከእኛ ቤት በአንድ ታክሲ።

ዌብ ላይ ባትሠሪ አልከፋኝም፤ ወንዙ ርስቴ አይደለም። የከፋኝ ነሐሴ ነው። አያትሽ ሸዋገነት ታማ ተኝታ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ናት ትል ነበር። ስታርፍ ደወልኩልሽ፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል አልሽ። እኔም ለቀብርተኛው ጎርፍ ነው አልኩ። ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ መጋቢው ሰዓቱን እያየ፣ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ ጥቂት እንጠብቃት ብዬ ለመንኩ። ዝናቡ ይወርዳል። መሸሻ ጃንጥላውን እኔ ላይ ይዞ እሱ በሰበሰ። ጠበቅንሽ።

የብልቃጡን ክዳን ሳሸተው እንጆሪ እንጆሪ አለኝ። የሕፃን የሳል ሽሮፕ ነው። ምንም አልጠይቅሽም። አያትሽን እንደፈራሻት ይገባኛል። ብትነግሪያት ትጮህ ነበር፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ምን እላለሁ ትል ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ውኃ አሙቃ፣ ባኞ ሞልታ ሕፃኑን እያጠበችው፣ እጅህ ሻካራ ነው አትንካው ትለኝ ነበር። ይህን ነው የነፈግሻት።

የጠየቅሽኝን አላሰርኩም። በርሜል ውስጥ ትራውት የለም።

መቃብሯ ላይ ድንጋይ ገና አልቆመም። ከእሷ ወዲህ ብዙ ሰው ተቀብሯል፤ አፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ብቻሽን ብትሄጂ አታገኚውም፤ የማሳይሽ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴም ከዚህ በላይ የሚታገሥ አይመስለኝም። ለመሸሻ ከዲንሾ መጣች እለዋለሁ። ወፍራም ልብስ ልበሺ፤ ለትንሹም ደርቢለት።

ጌታ ደጃችሁን ይጠብቅ፤ ሌሊቱንም ያለ ሳል ያንጋላችሁ።

አያትሽ