ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን

ፍኖተ ሰላም፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት ማለቂያ

ዛሬ የመኪና መንዳት አስተማሪነት የተግባር ፈተናዬን ተፈተንኩ። እንዳስተምራቸው የተሰጡኝ አንድ አዛውንት መሪጌታ ናቸው፤ ፈታኙ ከኋላችን ተቀመጠ። በቡሬ መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ከብቶች ድንገት ገቡብን።

«የኔታ፣ ፍሬን ይያዙ» አልኳቸው።

እርሳቸው ደንግጠው ነዳጁን ረገጡት። ለአስተማሪ ተብሎ በእኔ በኩል የተገጠመውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩት። መኪናው አንዲት ጊደር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«ልጄ፣ ፈጅቼሽ ነበርኮ» አሉኝ።

«እግዜር አትርፎናል። አሁን ቀስ ብለው ያስነሱት» አልኩ። እግሬን ግን ከፍሬኑ አላራቅሁም።

ስንመለስ ፈታኙ «አልፈሻል፤ ከሰኞ ጀምሮ ብቻሽን ታስተምሪያለሽ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ እልል አለች። እኔ እራት አልበላልኝ አለ። ጠዋት የፈራሁት መውደቅን ነበር። ሰኞ ግን እግሬ ቢዘገይስ?