ከወጣ በኋላ እዚህ ስለሚፈለገው እንግዳዬ

ለተከበሩ የውጭ አገር ጎብኚዎች ምዝገባ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለወንበርዎም ምቾትን እየተመኘሁ፣ ይህችን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት በመስኮትዎ ላስገባ ሞክሬ «የዜጎች ጉዳይ እዚህ አይታይም» ስለተባልኩ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶብስ ሹፌር ነኝ። የልጄ ሚስት የሌላ አገር ልጅ ናት። እናቷ ስለሞተች የቀራት አባቷ ብቻ ነው፤ እርሱም ስትወልድ ከአጠገቧ እንደሚሆን ቃል የገባላት ግንበኛ ነው። ከወራት በፊት ቤታችንን ሊያይና ከእኛ ጋር ሊተዋወቅ መጥቶ ነበር። ችግሩ፣ የተወለደባት አገር፣ ዜጎቻቸው አሻራ ሰጥተው እንዲመዘገቡ በሚገደዱት አገሮች ዝርዝርዎ ውስጥ ተገኘች። ከመወለዱ በፊት መሥሪያ ቤትዎን ባለማማከሩ በእርሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አቀባበሉ። በአውሮፕላኑ ከጎኑ የተቀመጠው መንገደኛ ጠጥቶ ከአስተናጋጆቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የመጣ ቢሆንም፣ አገሩ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ሻንጣውን እየጎተተ አለፈ። መንገዱን ሁሉ ሲጸልይ የመጣው የእኔ እንግዳ ግን ወደ ጎን ተባለ፤ እኔም የያዝኩት አበባ እስኪጠወልግ በር ላይ ጠበቅሁት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ወርቅም ቢሆን ከየት እንደተቆፈረ ተጠይቆ እንደሚገባ ያወቅሁት በእናንተ ነው።

፪. ስለ አሻራው። በማግስቱ ለምዝገባ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ይዤው መጣሁ። ሲሚንቶና ድንጋይ የበላው ጣቱ በመሣሪያው መስታወት ላይ አልታይ አለ። ሠራተኛዋ፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ትሑት ወጣት፣ ጣቱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ በእጇ ከላይ እየተጫነች ደጋገመችው። እርሱም ከልጁ በለቃቀማት ቋንቋችን «ይቅርታ ልጄ፣ ጣቴ አስቸገረሽ» አላት። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ፌዙን ትቼ ልንገርዎ፤ አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የተናቅሁት እኔ መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው። ይባስ ብሎም፣ ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ያጽናናኝ እርሱ ነበር።

፫. ስለ ሽኝቱ። ይህኛው የእኔ ጥፋት ነው። ያን ቀን የደረሰብኝን ኀፍረት ላጥብ ብዬ፣ ሲመለስ አውሮፕላኑን አስትቼ በራሴ መኪና እስከ ድንበር ሸኘሁት። አገሬ ከዚያ የአሻራ ክፍል የሰፋች መሆኗን እንዲያይልኝ ሐይቁን አሳየሁት፣ ያደግሁበትን መንደር አሳየሁት። የድንበሩ ጠባቂም ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም መትቶ «መልካም መንገድ» አለው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈን አለቀስን። ለካስ የተመዘገበ ሰው መውጣት የሚችለው በአየር ማረፊያው፣ ያውም በመውጫ ምዝገባ ክፍሉ ገብቶ ከተሰናበተ በኋላ ብቻ ኖሯል! መመሪያው የተለጠፈው በዚያው ክፍል ውስጥ ነው አሉ። ልትኳል ዐይኗን አጠፋች የሚባለው ለእኔ ነው።

፬. ስለ ፍለጋው። የምራቴ ወሯ ሲገባ አባቷ ቪዛ ጠየቀና ተከለከለ፤ የድንበሩ ማኅተም ስለማይቆጠር በመዝገብዎ መሠረት ከአገራችን ገና አልወጣምና። ያልወጣ ሰው ሊገባ አይችልም፤ በዚህ ጥበብ ላይ የምጨምረው የለኝም። ቀጥሎም ሁለት መርማሪዎች የት እንደደበቅሁት ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። አገሩ ድረስ ደውዬ ከራሱ ጋር አነጋገርኳቸው። «የስልክ ድምፅ መውጣቱን አያረጋግጥም» ብለው ጎንበስ ብለው የአልጋውን ሥር አዩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልል ነበር፤ ወንድሜን ጅብ ብዬ ልሰድበው ስለማልፈልግ ትቼዋለሁ።

ምራቴ በዚህ ሁሉ ክፉ ቃል አልወጣትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ «አባባ፣ በመኪና ባትሸኘው ኖሮ ይመጣልኝ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብዬ አላየኋትም። መልሱን ከእርስዎ ብለምን ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

በታላቅ አክብሮት አንገቴን ደፍቼ፣
አሥሩም ጣቶቹ ጥርት ያለ አሻራ ያላቸው፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም «እስቲ አሳይ» ያላለው ዜጋ፣
የግንበኛው አማች

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ምራቴ በሰላም ሴት ልጅ ተገላግላለች። አያቷ እዚሁ አገር ተደብቆ እንዳለ እርግጠኛ ስለሆናችሁ፣ ያገኛችሁት ዕለት ከማሰራችሁ በፊት በእኛ ቤት በኩል አሳልፉልንና አንዴ ይቀፋት።