ዝቅ ብላ የምትጠብቅ መኪና

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ለምን ዘገየህ ብለሽ ከመቆጣትሽ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽ? ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ የሚያብጠው እግርሽ ተሻለሽ? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷን አወለቀች ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ይህን ለወግ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ያዘጋጀሁት የእሳቸውን ደህንነት ለመንገር ነው። በስልክ ልነግርሽ ስል ስልክ ነፋስ ነው፣ ጻፍላት ብለው ከለከሉኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፣ ወረቀቱን የመኪና መሪ ላይ ደገፍ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ስንነጋገር ተሸክማችሁም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም፣ እውነትሽን ነው። ሐኪሙ ራሱ የተሰበረው ዳሌያቸው ቢጠገንም እየተመላለሱ እግራቸውን ካላሠሩት ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ መራመድ አይታሰብም ብሎናል። እሳቸው ግን ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የቤቱን ደፍ አላለፉም ነበር። ጎረቤቶቻችን እንሸከማቸው ብለው ሲመጡ፣ እኔ ስጭን ኖርኩ እንጂ ተጭኜ አላውቅም ብለው መለሷቸው። ታክሲ ልጥራ ስላቸው ደግሞ መኪና ያለው ሰው በሰው መኪና አይሄድም አሉኝ። አባባ አንዴ እምቢ ካሉ ምን እንደሚመስሉ ላንቺ አልነግርሽም፤ አንቺም ከዚያው ነው የወረስሽው።

መኪናቸውን ታውቂያታለሽ። ያቺ ዕቃ ሲያመላልሱባት የኖሩት፣ ከኋላ ክፍት የሆነችው አሮጊት ናት። ከፍታዋ ከመብዛቱ የተነሳ እናታችን በርጩማዋን ሳትይዝ ወጥታባት አታውቅም፤ ቀድማ በርጩማውን ታስቀምጥና ወጥታ በገመድ ትስበው ነበር። ከሥሯ ተደራርበው የሚሸከሟት የብረት ባሌስትራዎች ደግሞ ለጭነት የተሠሩ ናቸው። ባዶዋን ስትሄድ በየጉድጓዱ እንደ ፍየል ትዘላለች። እንኳን የተጠገነ ዳሌ የእኔም ጥርስ አይችላትም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ሥራ ቦታ ነው። በጋራዣችን ከምንጠግናቸው አውቶቡሶች አንዳንዶቹ የሚቆሙት በብረት ላይ ሳይሆን አየር በሚሞላ ወፍራም የጎማ ከረጢት ላይ ነው። ሾፌሩ ቁልፍ ሲጫን አየሩ ይወጣና አውቶቡሱ እፎይ እንዳለ ሰው ተንፍሶ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። አንድ ቀን አንዱን ጠግነን ልንሞክረው ስንወጣ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት ሴትዮ ማንንም ሳይለምኑ እግራቸውን አንስተው ገቡ። መፍቻዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ነገር ለአባባ መኪናም ይሆናል አልኩ።

ፈቃድ ስጠይቃቸው አባባ፣ "አጥንቷን አውጥተህ ፊኛ ልትከትባት ነው?" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እምቢ አለማለታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ያገለገሉ የአየር ከረጢቶችና አየር መሙያ ገዝቼ፣ ከጎረቤታችን ከጎሚስታው ጋር ሆነን መኪናዋን ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሳናት። ጎሚስታው ጎማ ከመለጠፍ ሌላ አልሠራም ይላል እንጂ እጁ የማይገባበት ነገር የለም፤ ምላሱም እንደዚያው። የዛገውን ቡሎን ለመፍታት ስንታገል፣ ይሄ ቡሎንስ በአባትህ ነው የወጣው እያለ አሳቀኝ።

ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል አልነበረም። ለካ ባሌስትራ መኪናን ከመሸከም አልፎ የኋላ ጎማዎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዘውም እሱ ኖሯል። ስናወጣው ጎማዎቹ ጌታ እንደሌለው በሬ ወዲያ ወዲህ አሉብን። ብየዳ ሠሪው መጥቶ የብረት ክንዶች እስኪሠራልን ድረስ ሁለታችንም ተፋጠን ተቀመጥን። የጭስ ማውጫውም ከረጢቱን እንዳያቃጥለው ወደ ጎን አዞርነው። ጎሚስታው የአየር ቱቦውን በባለቤቴ የሽንኩርት ቢላ አንጋዶ ስለቆረጠው ስንሞላት ውላ ማታ ዝቅ ትል ነበር፤ የሳሙና አረፋ ቀብተን የሚተነፍስበትን እስክናገኝ ብዙ ለፋን። ባለቤቴ ቢላዋን ስታይ ያለችውን አልጽፍልሽም።

ከሁሉ ያሳሰበን ከፍታው ነበር። መኪናዋ ብዙ ከወረደች ዳሌያቸው አይታጠፍም፣ ትንሽ ከወረደች እግራቸው አይደርስም። አባባ ብቻቸውን የሚነሱት ከአንድ ወንበር ላይ ብቻ ነው፣ እሱም መስኮቱ ሥር ካለው ከእናታችን የስፌት ወንበር። ሲተኙ ጠብቄ ወንበሩን ወደ ግቢ አወጣሁትና ከመኪናዋ መቀመጫ ጋር ጎን ለጎን አስተካከልነው። ሲነቁ ወንበሩ የለም። በመስኮቱ አይተውን ኖሮ፣ ለመኪና ልብስ ልታሰፋ ነው በስፌት ወንበር የምታስለካት ብለው ከመኝታቸው ተጣሩ። ቀልድ ከአፋቸው ከወጣ ስንት ጊዜው ነው፣ እታለም፤ መፍቻዬን ጥዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

የሞከርናት ቀን ኮታቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ደፉን ራሳቸው ተሻገሩ። እኛ በተሳፋሪው በኩል አዲስ መያዣ በየድናል፣ ዝቅ ማድረጊያውን ቁልፍም እዚያው በሩ ሥር አድርገነዋል። ስጫነው መኪናዋ ቀስ ብላ ተነፈሰችና ወረደች፣ በሩን ከፈትኩላቸው። አባባ እስከ በሩ መጡ፣ መቀመጫውን አዩ፣ አዩ።

"ይህ የእናትህ ቦታ ነው" አሉ፣ ተመልሰውም ገቡ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ስንት የለፋሁበትን ብዬ ምርር አለኝ። በኋላ ግን በራሴ አፈርኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባ ያን የመኪና መቀመጫ ለማንም ሰጥተው ያውቃሉ? ለዳቦ ከረጢት እንኳን አይሰጡትም። ጎሚስታው ባያውቅ አይፈረድበትም፤ እኔ ልጃቸው ግን ያን ሁሉ ስለካ ስመዝን ይህን አላየሁም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው። በማግስቱ መያዣውን ቆርጬ፣ ቁልፉንም ነቅዬ ወደ ሾፌሩ በር አዛወርኳቸው። ይነዳሉ ብዬ አይደለም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስወጣ መኪናዋ እንደ ወረደች፣ ዝቅ ብላ አየኋት። ያ የተረገመ ቱቦ እንደገና ለቀቀ ብዬ የሳሙና ዕቃዬን ይዤ፣ ወደ ውስጥ እንኳን ሳላይ ከኋላ በኩል ጭንቅላቴን ከሥሯ አስገባሁ። ብቀባ፣ ብቀባ አንድም አረፋ አይነሳም። እንዲያ ተንጋልዬ ሳለሁ ከበላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ስወጣ አባባ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸው አጠገባቸው ጋደም ብሏል። ከአልጋቸው እስከዚያ ማንም አልደገፋቸውም፣ ማንም አላያቸውም። ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብዬ ፊቴን ጠረግሁ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

የሞተሩን ቁልፍ አምጣ አሉኝ። ሊነዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መቀመጫዋ እንደ አግዳሚ አንድ ወጥ ስለሆነ፣ በእጃቸው እየተደገፉ ቀስ በቀስ ተንሸራተው መሃል ላይ ተቀመጡ፣ እኔና አንቺ ልጅ ሳለን እየተጋፋን የምንጣላበት ቦታ ላይ። እኔ መሪው ጋ ገባሁ፣ የእናታችን ቦታ በመስኮቱ በኩል ባዶውን ቀረ። የማርሹ ዘንግ ጉልበታቸው መሃል ስለሆነ እጄ እንደልቡ አይሄድም ነበር። ስለዚህ እኔ ፍሪሲዮን ስረግጥ ማርሹን የሚያስገቡት እሳቸው ሆኑ። ያን ጉድጓዳም መንገድ ስንወርድ ትከሻችን እንደተጣበቀ ነበር፣ አንዴም አላቃሰቱም። ለፊኛ ጥሩ ነች አሉ። ዘግይተህ ትረግጣለህ ብለው ግን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሰደቡኝ።

አሁን በየሳምንቱ እንመላለሳለን። ዛሬም ውስጥ ገብተው እግራቸውን እያሠሯቸው ነው፤ እኔ ውጭ እየጠበቅኋቸው ይህን እጽፍልሻለሁ። ሐኪሙ አልዘገያችሁም ብሎኛል፤ እንቅልፍሽን ተኚ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅ አጎትህ ቁመትህን ጠይቋል በይው፣ ትንሿን ጥርስ አልባዋን ግንባሯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ናፍቆቷ ብዙ ነው፣ ቢላም ላኪልኝ ብላለች። ልጆቼ እጅሽን ይስማሉ። ጎሚስታው ሳይቀር እኔንም አንሳኝ ብሎ ለምኖኛል።

የአባባን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት እንደነገሩኝ ቃል በቃል ልጽፈው ብዬ ነው። "ማንም ሳይደግፈኝ እንደገባሁ ጻፍላት። በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ አቧራው ተጠርጎ ይጠብቃታል። በርጩማ ብላ እንዳታስብ፤ ስትመጣ መኪናዋ ዝቅ ትልላታለች በላት።"

ታናሽ ወንድምሽ

ከሐኪም ቤቱ በር፣ መኪናዋ ውስጥ
ማክሰኞ ረፋድ