አልኮል አልባው ቅዳሜ

ውድ አረፋ፣

በከፍተኛ ሐዘን አስታውቅሻለሁ፦ የቤታችን የጠርሙስ መክፈቻ ባደረበት የዝገት ሕመም በኩሽናው መሳቢያ ውስጥ ሲረዳ ቆይቶ ባለፈው ቅዳሜ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ትሑት፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ነበር። አባትሽ ነፍሱን ለማትረፍ በፒንሳ ሲታገል አንገቱን ቀነጠሰው። ከዚያ "አባቴ ይሙት፣ እኔ አልሰበርኩትም! ድሮም የተሰበረ ነው" ብሎ በእኔው በራሴ ማለልኝ። እኔም የቢራ ጠርሙሱን በጠረጴዛው ጠርዝ ከፈትኩት። እናትሽ የጠረጴዛዋን ጠርዝ ባየች ጊዜ በቤቱ ሁለተኛ ሐዘን ሆነ።

ሥርዓቱ ቢሆን እዚህ ላይ መጽናናትን እመኝልሽ ነበር። አልመኝልሽም። የምጽፍልሽ ስለ መክፈቻው ሳይሆን ቅያሜዬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድም ስላለኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩን የሚደውልልኝ አባትሽ ነው፤ ደውሎም አይሄድልኝም፣ አጠገቤ ቆሞ ነው የሚያስወራኝ።

አረፋ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ አልረሳሽውም። እዚያች ትንሽ ቢራ ጠመቃ ቤት ሥራ የያዝሽ ሰሞን ከረጢት ሙሉ ጠርሙስ ተሸክመሽ መጣሽና፣ እናትሽ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣቸውን ቀጫጭን ብርጭቆዎች ፊቴ ደረደርሽ። የመጀመሪያውን ስትቀጂልኝ ብርጭቆው በአረፋ ብቻ ሞላ። ቢራው ከታች እንደ ዓይን አፋር ልጅ ተደብቋል።

"ቆይ አያቴ፣ ይወርዳል።"

"እሱ እስኪወርድ እኔ ጉድጓድ እወርዳለሁ።"

"ጉድጓዱም ምላስህን ፈርቶ አይቀበልህም" አልሽኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ሆነ። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማሽተት፣ ከዚያ ጥቂት መጎንጨት፣ ማውራት በመጨረሻ። እኔ ዕድሜ ልኬን ቢራ ማለት ቀዝቃዛና ቢጫ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከጀርመን የመጣውን የስንዴ ቢራ ስታቀምሺኝ "ሙዝ ጨምረውበታል" ብዬ ተሟገትኩሽ። "ሙዝም አልገባበትም፣ ቅርንፉድም አልገባበትም፤ እርሾው ነው እንዲህ የሚሸተው" ብለሽ ብትምዪም ላምንሽ አልቻልኩም፤ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ የሙዝ ጭራ ፈለግኩ። ያን ብቅሉ በጭስ የደረቀውን ስትቀጂልኝ ደግሞ "ይሄ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እግሩን የታጠበበት ነው" አልኩሽና ቢራው በአፍንጫሽ ወጣ። ቦክ የሚሉትን ጥቁሩን የጀርመን ቢራ ግን ወደድኩት። የዳቦ ቅርፊት የሚሸት፣ ሳይቸኩል ጆሮ የሚያሞቅ፣ ጨዋ ሽማግሌ። ጓደኞችሽ በየጓሮው በትንንሽ በርሜል የሚጠምቁትን፣ ክራፍት ቢራ የምትሉትንም ቀመስኩ። አንደኛው የሎሚ ልጣጭና የጥድ ሙጫ አንድ ላይ ያኘክሁ አስመሰለኝ። "ይሄን የጠመቀው ልጅ ፍቅረኛው ትታዋለች" ብልሽ ደንግጠሽ አየሽኝ። ለካስ እውነትም ትታዋለች!

ያንቺ ሕግ አንዲት ብቻ ነበረች፦ ብርጭቆ ከተነሳ ውሸት የለም። መጥፎውን መጥፎ ማለት፣ ያልገባንን አልገባኝም ማለት። ራስሽ የጠመቅሽውን የመጀመሪያ ቢራ ስታመጪልኝ "የሳሙና ውሃ ነው" አልኩሽ። ዓይንሽ እንባ አቀረረ። ከዚያ አፍንጫሽን ጠርገሽ "መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጎበዝ ሲለኝ ከርሞ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ" አልሽ። ያን ቀን ከልጄ በላይ ወደድኩሽ። ይህን ለአባትሽ አትንገሪው፤ ጠርጥሯል ግን አያውቅም።

ሕጉን ያከበርሽው ለቢራ ብቻ አልነበረም። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ማጠር የጀመረ ጊዜ አባትሽ "ድካም ነው አባዬ" አለኝ፤ እናትሽ "ብርድ ነው አባባ፣ ይደራርቡ" አለችኝ። አንቺ ብርጭቆሽን እንደያዝሽ "አያቴ፣ ልብህ ነው። አንዱ በር በደንብ አይዘጋም" አልሽኝ።

"ልቤ በር አለው እንዴ? ስንቱ ሲወጣ ዝም ብዬ ያየሁት በር መኖሩን ሳላውቅ ነዋ!"

አልሳቅሽም። ዓይንሽንም ከዓይኔ አልነቀልሽም። የመረመረኝ ሐኪም በቀን ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ እንዳላልፍ ማዘዙን፣ ደረጃውን እያረፍኩ መውጣት እንዳለብኝ፣ ሁሉንም ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ስለ ራሴ ማወቅ የምፈልገውን የምጠይቀው አንቺን ሆነ።

ሌላ ከተማ ወዳለው ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ተዛውረሽ ከሄድሽም በኋላ ካርቶኑን በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ እየላክሽ፣ ቅዳሜ በስልክ "እሺ፣ ምን ምን ይላል?" እያልሽኝ ቀጠልን። ያ የመጨረሻው ካርቶን እስኪመጣ ድረስ።

የስንዴውን ከፈትኩ። አረፋው ያው ነው፤ ሙዙም አለ። ጎነጨሁት። ጣፈጠኝና ድንገት ጠፋ፤ ቤት አንኳኩቶ እንደሚሮጥ ልጅ። ምላሴ ታሞ ይሆናል ብዬ ላንቺ በስልክ "መልካም ነው" አልኩሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦኩን ከፈትኩ። ያ ጨዋ ሽማግሌ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቁምጣ ለብሶ መጣ! ብርጭቆውን ጨርሼ ጆሮዬን ብነካው እንደ ማለዳ ብረት ቀዝቅዟል።

መስታወቱን ታውቂዋለሽ። ፀጉር ቤቴን ስዘጋ ይዤው የመጣሁት እሱን ብቻ ነው። ሳሎን ተሰቅሎ እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሞ የሠራ ሰው መስታወት ውስጥ መመልከት አይተውም። ደንበኛው በአፉ "ቆንጆ ነው" ሲለኝ ግንባሩ ሲቋጠር የማየው እዚያ ነበር። አባትሽና እናትሽ ግን ከጀርባዬ ሲሆኑ የማላያቸው ይመስላቸዋል። ጆሮዬን ስነካ፣ አባትሽ ከኩሽናው በር ላይ ቆሞ ለእናትሽ አውራ ጣቱን ሲያነሳ አየሁት። እናትሽ አፏን በፎጣ ያዘች።

ከዚያ ኩሽና ገብቶ ደወለልሽ። ስልኩን ድምፁን ለቅቆ ነው የሚያወራው፤ ጆሮው ደከም ስላለ ዓለም ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል።

"አልነቃም! ቦኩንም ጭልጥ አደረገው።"

"እውነት? ምን አለ?" አልሽ።

"ምን ይላል! የሞቀው መስሎት ጆሮውን እየዳበሰ ነው።"

"ቆርኪውን ልብ አላለውም? እንደገና የተገጠመ መሆኑ ያስታውቃል ብዬ ፈርቼ ነበር።"

"ኧረ የት አይቶት! ሐኪሙ ከእንግዲህ ጠብታም አይንካ ሲለኝ እንዴት ብዬ ልነግረው ነው ብዬ ጨንቆኝ ነበር። አንቺ ገላገልሽን።"

ሳቅሽ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ቢራ በአፍንጫሽ የወጣ ቀን የሳቅሽው ነው። ያን ቀን በእኔ ቀልድ ነበር የሳቅሽው። አሁን ቀልዱ ራሴ ሆንኩ።

ተነስቼ መጮኽ ነበረብኝ። እኔ ግን ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሰከርኩ።

በአልኮል አልባ ቢራ እንደ እኔ የሰከረ ሰው የለም። ዘፈንኩ። ጠረጴዛውን ደበደብኩ። የእናትሽን ሾርባ "ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ሾርባ ያኮረፈው ውሃ?" አልኩት። አባትሽን "አንተ፣ ይሄን ፂም ማነው የከረከመልህ? በግ ነው የጋጠው?" አልኩት። ከዚያ ቀልዱ አለቀብኝና ያላሰብኩት ወጣ፦ "በዚህ ቤት ስለ እኔ የሚወራው እኔ በሌለሁበት ነው። ክፍሌን ማን እንደሚወስደውስ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል?"

እናትሽ "ሞቅ ብሏቸው ነው" ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምን ትበል? ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ታውቃለች። ሰክረሃል እንዳይሉኝ የሚያሰክር ነገር አልጠጣሁም፤ አልሰከርክም ቢሉኝ ራሳቸውን ሊያጋልጡ ነው። ሁለቱም ሾርባቸው ውስጥ አቀርቅረው ማንኪያ ሲያማስሉ በመስታወቱ አየኋቸው። አሸነፍኩ። የድሌንም ቢራ ቀድቼ ጠጣሁ፤ እሱም ባዶ ነው።

ቢራው አይደለም የመረረኝ፤ ይሄ ይግባሽ። "አያቴ፣ ከእንግዲህ አልኮል የለም" ብትይኝ ኖሮ አንድ ሰሞን አኩርፌ፣ ከእናትሽ ጋር ተነጫንጬ፣ እሺ እል ነበር። አልኮል አልባውን በስሙ ብታቀርቢልኝ "ይሄ ቢራ ሳይሆን የቢራ ወሬ ነው" ብዬ ተሳልቄበት እጠጣው ነበር። አንቺ ግን እኔን የምታታልይበትን ጠርሙስ ስትሞዪ እጅሽ አልከበደሽም። ሌላው ይዋሸኝ፤ እሱን ለምጄዋለሁ።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ሄድን። "የልብዎ በር መቀየር አለበት አባት፤ ደረት ይከፈታል" አለኝ። እኔም "ልጄ፣ እኔ በምላጭ ስንት ጉሮሮ ስዳስስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንተ በአንዲት ቢላ ልታስፈራራኝ ነው? ይልቅ ስትጨርስ ዳር ዳሩን አስተካክለው" አልኩት። ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ፤ ነርሷ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ከአባትሽ ጋር በር ዘግተው ቆዩ። አባትሽ ሲወጣ ፊቱ ነጥቷል። "ቀላል ነገር ናት አባዬ" አለኝ።

ቤት እንደገባን አንቺን አገናኘኝ። "አያቴ፣ ቀላል ነገር ናት። ገብተህ ትወጣለህ" አልሽ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ድሮ ቢሆን ፒጃማዬን በፌስታል ይዤ በዚያው እሄድ ነበር። አሁን ግን ራሴን ጠየቅኩ፦ ይሄ ቃልሽ የትኛው ነው? ከፋብሪካው እንደታሸገ የመጣው ነው ወይስ ቆርኪው እንደገና የተገጠመለት? ቢራ ቢሆን ጎንጨት ብዬ እለየው ነበር። ይሄንን ግን ቀምሼ እስክለየው ደረቴ ተከፍቶ ያልቃል።

ያደረግሽብኝ ይሄን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከማይዘጋው የልቤ በር ጋር ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የቀረችኝን ቀን ልጨርስ እችላለሁ። ገብቼም ላልወጣ እችላለሁ፤ ወጥቼም አባትሽን ሌላ አሥር ዓመት ላቃጥለው እችላለሁ። መምረጥ አያቅተኝም። ምኑን ከምኑ እንደምመርጥ የሚነግረኝ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበረኝ። "አረፋ ሳትመጣ እሺም የለም እምቢም የለም" አልኳቸው።

"ሥራ ላይ ናት አባዬ፤ በስልክ ነግራህ የለም እንዴ?" አለኝ አባትሽ።

"ስልክ ፊት የለውም" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። አንቺ ይገባሻል።

ስለዚህ ነይ። አልኮል አልባውን ይዘሽው ነይ፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ቆርኪ። ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። ብርጭቆሽን አንሺና ሐኪሙ በር ዘግቶ ለአባትሽ የነገረውን ሳትቀንሺ ንገሪኝ። የሚያስፈራ ከሆነ ያስፈራል በይኝ። የማታውቂው ካለም አላውቅም በይ። ከዚያ በኋላ የምወስነው እኔው ነኝ፤ ግን አውቄ እወስናለሁ። መምጣት ካልሆነልሽ ካርቶኑንም ተይው፣ ሾፌሩን በከንቱ አታድክሚው።

ተቀይሜሻለሁ። የማይገደኝን ሰው መቀየም ከተውኩ ቆይቻለሁና ይህን እንደ ሰላምታ ቁጠሪው።

አያትሽ፣
ከመስታወቱ ፊት

ሕጉን እኔም ላክብረው፦ እዚህ ውስጥ አንዲት ፈጠራ አለች። ስካሬ እንዳይመስልሽ፤ እሱን እናትሽን ጠይቂያት። ፈጠራው ሐኪሙ ፊት ተናገርኩት ያልኩሽ ቀልድ ነው። ስለ ምላጭም ስለ ቢላም ምንም አላልኩም፤ ማንም አልሳቀም። "ደረት ይከፈታል" ሲለኝ የአባትሽን እጅ ያዝኩ። እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ወደ ሐኪሙ ሊመለስ ሲል ጣቶቼን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት።